በልጉ ምን ይላል? (ስለ ሐራና አካባቢዋ የዝናብ ክርክር ታሪክ)

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የአየር ጠባይ ነገር እንደ ኳስ የሚያስጮሃቸው ሰዎች አሉ። ሥራቸው አይደለም፤ ፍቅራቸው ነው። ገና ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ‹‹ዘንድሮ በረዶው ከገና በፊት ይወርዳል ወይስ በኋላ?›› እያሉ ይሟገታሉ። አንዱ የፓስፊክን ውቅያኖስ ሙቀት ይጠቅሳል፤ ሌላው የሳይቤሪያን በረዶ ስፋት ይቆጥራል፤ ሦስተኛው ‹‹የሦስት ወር ትንበያ ሁሉ ጥንቆላ ነው›› ብሎ ሁለቱንም ያጣጥላል። ክርክሩ የጦፈ ነው፤ ትንበያው ቢስት ግን ለአብዛኞቹ የሚቀርባቸው በበረዶ ላይ መንሸራተት ነው።

ይኸው ክርክር በእኛም አገር አለ። እንዲያውም የእኛው ሳይቆይ አይቀርም። በሰሜን ወሎ፣ በመርሳና በወልድያ አካባቢ፣ ሐራ ገበያ ላይ ጥር ሲጋመስ ቆም ብሎ ላዳመጠ ሰው ወሬው ሁሉ አንድ ነው፤ ‹‹በልጉ ምን ይላል?›› ጠያቂውም መላሹም ብዙ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ትንበያ ሲስት ወይም ትንበያ ሰምቶ የሚነሣ ሲጠፋ የሚቀረው ጨዋታ አለመሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ማንሣት የፈለግሁት የዚህን ክርክር ታሪክ ነው፤ ተከራካሪዎቹ እነማን ነበሩ? በምን ይከራከሩ ነበር? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ሰማዩ ራሱ አስቀድሞ በተናገረባቸው ዓመታት ማን ሰማ?

ስለ በረዶ ካነሣን አይቀር፣ እኛም ከበረዶ ታሪክ ባዶ አይደለንም። በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ንጉሥ ካሌብ ወደ ደቡብ ዐረብ ለመዝመት በሚሰናዳበት ጊዜ፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ላይ የቆመ የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። ስሙ በጽሑፉ ላይ ያልቀረ አንድ የአክሱም ንጉሥ ድሉን የሚዘረዝርበት ጽሑፍ ሲሆን፣ ከዘመተባቸው አገሮች አንዱን ሰሜንን ሲገልጥ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ ያለበት ተራራ ነው ይላል። ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህን አልተቀበለም፤ ከእሱ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ደግሞ ሰሜን ተራሮች ላይ ነጭ በረዶ አየሁ ብሎ ጻፈ። እንግዲህ በአገራችን የበረዶ ክርክር ቢያንስ በመጻሕፍት ላይ አለ ማለት ነው። ግዕዝ በረድንና ሐመዳን ይለያል፤ እኛ ግን ከሰማይ የሚወርደውንም፣ መሬት ላይ የሚጋገረውንም በጅምላ ‹‹በረዶ›› እንላለን፤ አመዳይና ውርጭ የሚሉትን ቃላት የሚያስታውሰው ደገኛው ነው። ለሐራ ገበሬ በረዶ ማለት የደረሰ ማሽላ የሚያረግፍ እርግማን እንጂ የሚናፈቅ ነገር አይደለም። እሱ የሚናፍቀው በልግን ነው።

በልግን ለምን? ይህን ያልተረዳ የወሎን ታሪክ አይረዳም። አብዛኛው የአገራችን ደጋ ክረምቱን ከሰኔ እስከ መስከረም ካገኘ ይበቃዋል። ወሎ ግን ሁለት ዝናብ የለመደ አገር ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። በደጋው በኩል በልግ ራሱን የቻለ አዝመራ ነው፤ ገብሱ በበልግ ተዘርቶ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርሳል። በሐራና በመርሳ ቆላ ደግሞ በልግ የማሽላ ማስነሻ ነው። ደጋሊትን የመሰለው ነባሩ ማሽላ ጊዜ ይፈልጋል። ሚያዝያ ላይ መሬት ካልገባ ኅዳር ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ በክረምት የሚበላው እህል ዕጣው የሚወጣው በበልግ ነው። ሰውዬው መጋቢት ላይ ሰማይ ሰማይ የሚያየው ሥራ ፈትቶ አይደለም። ዛሬ በደረቅ ልዝራ? ወይስ ልጠብቅ? በደረቅ ዘርቶ ዝናቡ አንድ ቀን ጥሎ ሦስት ሳምንት ቢጠፋ ዘሩ በቅሎ ይሞትበታል፤ ዘሩም ያልቃል። ጠብቆ ዝናቡ ቀድሞ ቢመጣ ጊዜው ያመልጠዋል። ይህ የዓመት ውሳኔ ነው፤ አማካሪ ያስፈልገዋል።

አማካሪ ደግሞ ጠፍቶ አያውቅም። በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ሰው አለ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቀው መሪጌታ ዘመኑን በአራት ከፍሎ ይቆጥራል፤ ክረምት ከሰኔ 26፣ መጸው ከመስከረም 26፣ ሐጋይ ከታኅሣሥ 26፣ ጸደይ ከመጋቢት 26። ይህ የቤተ ክርስቲያን ቁጥር ከገበሬው ቁጥር ጋር አንድ አይደለም፤ የሐራ ገበሬ የካቲት ላይ የሚጠብቀውን በልግ መሪጌታው ገና ሐጋይ ብሎ ይጠራዋል። (ይህን አንሥቼ የጠየቅኋቸው አንድ አዛውንት ‹‹ቁጥሩ ለማኅሌት ነው እንጂ ለማሽላ አይደለም›› ብለው ዘጉኝ።) ከመሪጌታው ቀጥሎ ሐሳበ ከዋክብት አዋቂው፣ ዐውደ ነገሥት ገላጩ አለ። በእስልምናው በኩል ሸሆቹ አሉ፤ ዝናብ ሲጠፋ ሕዝቡ ሜዳ ወጥቶ የዝናብ ሶላት ይሰግዳል፣ ወዳጃ ይቀመጣል፣ ዱዓ ያደርጋል። ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል። ወሎ ውስጥ ሁለቱ ሃይማኖቶች አንድ መንደር ላይ ስላሉ በአንድ ሳምንት ምህላውም ወዳጃውም ሊሰማ ይችላል፤ ዝናቡ ሲመጣ በማን ጸሎት መጣ የሚል ጠብ ብዙም አይነሣም። ከዚያ ደግሞ ሞራ ገላጭ አለ፤ የታረደ በግ ሞራ ዘርግቶ የደም ሥሩን እንደ መጽሐፍ የሚያነብ። ከቆላ ወደ ገበያው የሚወጣው አፋር ሱጉም የሚለውን የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ፣ ካርማ የሚለውን የክረምት ዝናብ እየቆጠረ ይመጣል፤ በ‹‹ዳጉ›› የወሬ ልማዱ የትኛው ሸለቆ ላይ ደመና እንደታየ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ዳጉ ትንበያ ላይሆን ይችላል፤ ግን በእኔ ግምት ከሞራው የሚሻል ነው፤ የታየን ነገር ነውና የሚያወራው።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች ለመመርመር የሚመቸው የወንጌላውያኑ ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም ቁጥር ነው። እንደሚታወቀው እያንዳንዱ ዓመት ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እየተባለ በአራት ዓመት ይዞራል፤ ለየወንጌላዊውም ሕዝቡ ጠባይ ይሰጠዋል። ይኼኛው ዝናባም ነው፣ ያኛው ነፋሻ ነው፣ ይኼ ጥጋብ ነው፣ ያ ጦርነት ነው ይባላል። ፍርዱ ከአገር አገር ይለያያል፤ ስለዚህ ‹‹የቱ መጥፎ ነው?›› ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ‹‹መጥፎዎቹ ክረምቶች የማን ነበሩ?›› ብሎ መቁጠር ይሻላል። 5500ን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው፤ ሲቀር አንድ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲያልቅ ዮሐንስ።

እንቁጠር። ክፉ ቀን የሚባለው ረኀብ የተጀመረበት የ1880 ዓ.ም. ክረምት፤ ዮሐንስ። ለ1965ቱ የወሎ ረኀብ መነሻ የሆነው የ1964 ክረምት፤ ዮሐንስ። የ1976 ክረምት፣ የ‹‹ሰባ ሰባቱ›› እናት፤ ዮሐንስ! እዚህ ላይ የቆመ ሰው ‹‹ተገኘ!›› ብሎ ሊጨፍር ይችላል። ግን አይቁም። የ1979 ክረምት ደካማ ነበር፤ ሉቃስ። ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ዕርዳታ እንዲጠብቅ ያደረገው የ1994 ክረምት፤ ማርቆስ። የ2001 ክረምትም የተጓደለ ነበር፤ ማቴዎስ። የ2007፤ እንደገና ሉቃስ። በአንጻሩ የ1988 ክረምት ዮሐንስ ሲሆን የዚያ ዓመት ምርት የሚመሰገን ነበር፤ አገሪቱ በቆሎ ወደ ውጭ እስከ መላክ ደርሳለች። አራቱም ወንጌላውያን ክፉ ክረምት አይተዋል ማለት ነው። ሦስቱ ዮሐንሶች መገጣጠማቸው ግን ለምን ይህ እምነት በሰው ልብ ውስጥ እንደሚጸና ያስረዳል። የሚያስታውሰው ትውልድ ሁለት ክፉ ዓመት አይቶ ሁለቱም በአንድ ወንጌላዊ ላይ ቢወድቁበት በቁጥር ማን ያሳምነዋል?

ክፉ ቀንን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍ። የዚያ ዘመን ረኀብ ከሰማይ ብቻ አልመጣም። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ ከአገሪቱ ከብት እጅግ የሚበዛውን፣ በብዙዎች ግምት ከአሥሩ ዘጠኙን፣ ፈጀ። ዝናቡ ተመልሶ ሲመጣ በሬ አልነበረም። አፄ ምኒልክ ሰው በዶማ እንዲቆፍር ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ መያዛቸው የሚነገረው ለዚህ ነው። እንግዲህ የዝናብ ትንበያ ቢኖር እንኳ፣ የበሬ ሞትን አይተነብይም።

አሁን ወደ ‹‹ሳይንሱ›› ተከራካሪዎች እንምጣ። ነገሩ የሚጀምረው ከእኛው ውሃ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ካይሮ ላይ፣ በሮዳ ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ የዓባይ መለኪያ ዓምድ አለ። ግብፆች የዓባይን ሙላት ዓመት በዓመት በክንድ እየለኩ ሲጽፉ፣ በሌላ አነጋገር የኢትዮጵያን ደጋ ክረምት ሲለኩ ኖረዋል፤ የሙላቱ አብዛኛው ውሃ ከዚሁ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1200 ዓባይ ሳይሞላ ቀርቶ ግብፅ ውስጥ የደረሰውን ዘግናኝ ረኀብ ሐኪሙ አብዱል ለጢፍ አል ባግዳዲ በዐይኑ አይቶ ጽፎታል። በዚያን ዓመት በላስታ ደጋ ምን እንደ ተበላ የጻፈልን ሰው የለም፤ የዝናባችንን መዝገብ የያዘው ሌላ አገር ነው። (የሐራ ጎርፍ ደግሞ ወደ አፋር ቆላ ስለሚወርድ ካይሮም አልቆጠረውም!)

ይህ የዓባይ መዝገብ ሌላ ቦታ ሥራ ላይ ዋለ። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ1877 እና በ1899 የክረምት ዝናብ ቀርቶ ሚሊዮኖች ካለቁ በኋላ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ጊልበርት ዎከር የተባለ የካምብሪጅ የሒሳብ ሊቅ በ1904 ወደ ሕንድ ሜቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ላከ። ዎከር የዓለምን ግፊት፣ ሙቀት፣ ዝናብና የዓባይን ሙላት ጭምር ሰብስቦ አንዱን ከሌላው ጋር ሲያዛምድ ኖረ፤ በፓስፊክና በሕንድ ውቅያኖስ መካከል የአየር ግፊት እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ እንደሚል አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1969 ያዕቆብ ብየርክኔስ ይህን ሚዛን ኤል ኒኞ ከሚባለው የፓስፊክ ውሃ መሞቅ ጋር አገናኘው። እ.ኤ.አ. በ1986 ኬንና ዚቢያክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኤል ኒኞን በወራት ቀድመው ለመተንበይ ቻሉ። ትርጉሙ ለእኛ አጭር ነው፤ ኤል ኒኞ ሲነሣ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት ብዙውን ጊዜ ይጓደላል።

በአገራችን የሜቲዎሮሎጂ ሥራ መጀመሪያ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ለአውሮፕላን የሚያገለግል ነበር። ራሱን የቻለ የብሔራዊ ሜቲዎሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት በአዋጅ የተቋቋመው በታኅሣሥ ወር 1973 ዓ.ም. ነው (ዛሬ ኢንስቲትዩት ተብሏል)። የወቅት ትንበያ መስጠት የጀመረው ደግሞ በ1979 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዘዴው ዛሬ ለሰማው ሰው አያትን የሚያስታውስ ነው፤ ‹‹የዘንድሮው ውቅያኖስ የየትኛውን ዓመት ይመስላል?›› ብሎ ይጠይቅና ያ ዓመት እንዴት እንደ ነበረ ያያል። የሐራ ሽማግሌ ‹‹ዘንድሮ እንደዚያ ዓመት ነው›› ሲል ከዚህ ምን ይለያል? ይለያል፤ ሽማግሌው የሚያየው የሐራን ሰማይ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ የፓስፊክን ውሃ ነው። አካሄዱ ግን ዘመድ ነው፤ የተማረው ክፍል ገበሬውን ‹‹በልማድ የሚሄድ›› እያለ የሚንቅበት ምክንያት እዚህ ላይ አይታየኝም።

ይሁንና የኤል ኒኞ ነገር ለወሎ ሁለት እንከን አለበት። አንደኛው፣ ሕጉ የሚሠራው ለክረምት ነው። በኤል ኒኞ ዓመት በልግ እንዲያውም የሚበረታበት ጊዜ አለ። የበልግ ጌታው ሌላ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስና ከዐረብ ባሕር የሚገባው እርጥበት፣ ከሜዲትራኒያን በኩል ወደ ታች የሚዘልቀው የብርድ አየር፣ በተለይ ደግሞ በማዳጋስካር አቅጣጫ የሚነሡት ማዕበሎች። ማዕበሉ እዚያ ሲበዛ እርጥበቱ ወደዚያ ይሳብና የእኛ በልግ ይደርቃል። በዚህ የተነሣ በልግ ከክረምት ይልቅ ለትንበያ አስቸጋሪ ነው፤ የሐራ ሰው ግን የሚጠይቀው በጣም የሚያስቸግረውን ነው።

ሁለተኛው እንከን የባሰ ነው። የ1976 ዓ.ም. ክረምት ሲለካ ከተመዘገቡት ሁሉ ደረቅ ከሚባሉት ክረምቶች ዋነኛው ነው። ነገር ግን የኤል ኒኞ ዓመት አልነበረም! ትልቁ ኤል ኒኞ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1982 እና 83 መጥቶ ሄዷል፤ በ1984 ፓስፊክ ወደ ብርዱ ያጋደለ ነበር። ይህን ሕግ ብቻ የያዘ ሰው በዚያን ዓመት ግንቦት ላይ ቢጠየቅ፣ ‹‹አይዟችሁ›› ብሎ በሰደደ ነበር። ከታሪካችን ሁሉ የከፋው ክረምት ከወንጌላዊው ቁጥር ጋር ተገጣጥሞ ከኤል ኒኞው ሕግ ጋር ሳይገጣጠም መቅረቱ ለተከራካሪዎች ጥሩ ቀልድ ነው፤ ላለቁት ግን ቀልድ አይደለም።

ታዲያ በ1976 ማንም ምንም አላወቀም ነበር ማለት ነው? የለም! የጽሑፌ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ያውቁ ነበር፤ በልጉ ነግሯቸዋልና። ከየካቲት እስከ ግንቦት በልጉ ቀረ። በልግ የቀረበት አገር ደገኛው ሐምሌ ላይ የሚያጭደው ገብስ እንደሌለው፣ ቆለኛው ሚያዝያ ላይ የተዘራ ማሽላ እንደሌለው ለማወቅ ፓስፊክን መለካት አያሻም። ይህ ትንበያ አይደለም፤ የሆነ ነገር ነው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ለለጋሾች ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ እንዳለ አስታውቆ ነበር። ለጋሾቹ ቁጥሩ ተጋኗል አሉ፤ የምዕራብ መንግሥታት ለሶሻሊስት መንግሥት እህል መስጠት አላማራቸውም። መንግሥቱም በበኩሉ የመስከረሙን የአሥረኛ ዓመት የአብዮት በዓልና የፓርቲ ምሥረታ ይዞ ነበር፤ ረኀብ የሚለው ቃል ከአደባባይ እንዲርቅ ተደረገ። ዓለም የሰማው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያነሣውን ፊልም ሲያሳይ ነው። ከበልጉ መቅረት እስከዚያች ቀን አምስት ወር አለፈ።

የ1965ቱም አካሄድ ከዚህ አይርቅም። የ1964 ክረምት ተጓደለ፤ ቀጥሎ የ1965 በልግ ቀረ። ሰው ከመንደሩ ወጥቶ በደሴና በወልድያ በኩል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ተሰለፈ፤ መኪና እያስቆመ ለመነ። ወደ አዲስ አበባ በእግሩ ያመራውም ተመለስ ተባለ። ያኔ ነገሩን ወደ አደባባይ ካወጡት መካከል የእኛው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነበሩበት፤ መምህራን ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው መጡ፣ ግቢው ውስጥ ታየ፣ ተማሪው ተነሣ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ታየ፤ ይኸው ፊልም ከዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ፣ ንጉሡ በማግሥቱ ሊወርዱ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ።

ስለ 1965ቱ የአማርትያ ሴንን ጥናት (እ.ኤ.አ. 1981) ያላነበበ ተማሪ ፈልጎ ያንብበው። ሴን እንደሚያሳየው በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ይህን ያህል አልወደቀም፤ ደሴ ላይም የእህል ዋጋ እንደ ረኀብ ዘመን አልናረም። ለምን? የወሎ ገበሬ እህል ብቻ ሳይሆን እህል የሚገዛበትንም አጣ። ከብቱን በርካሽ ሸጠ፤ ገንዘቡ አለቀ፤ ገዢ የሌለበት ገበያ ላይ ዋጋ አይወጣም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበር። የእኛው የመልክዐ ምድር ምሁር ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ስለ ገጠሩ ለረኀብ መጋለጥ በጻፉት መጽሐፍ ነገሩን ከሰማይ ወደ መሬት አውርደው፣ በገበሬውና በላዩ በተጫነው ሥርዓት መካከል ባለው ግንኙነት ላይ ያሳርፉታል። ሰማዩን ብቻ የሚከሱ ሰዎች ለእነዚህ ሁለት ሰዎች መልስ ሊያዘጋጁ ይገባል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የአየር ጠባይ ሠራተኛው ልፋት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ትልቁ ችግር ቋንቋው ነው። ዛሬ የወቅት ትንበያ የሚቀርበው በሦስት ተከፍሎ ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች፣ ለየአንዳንዱም በመቶኛ ዕድል ይሰጠዋል። ምንም የማያውቅ ሰው ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ ሦስት ይላል፤ ያወቀው ደግሞ ለምሳሌ ከመደበኛ በታች የሚሆንበትን ወደ 40 ወይም 45 ከፍ ያደርገዋል። ለሊቃውንቱ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገበያ ላይ ሲወርድስ? የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና አንድ የሐራ አዛውንት የሚባባሉት ይህን ይመስላል፤

‹‹አባባ፣ ዘንድሮ በልጉ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ያመዝናል ተብሏል። ማሽላውን ባይቸኩሉበት ይሻላል።››

‹‹ያመዝናል ስትል፣ ልጄ፣ ይቀራል ማለትህ ነው?››

‹‹አይ፣ ይቀራል አላልኩም። ከአሥር አራቱን ያህል ነው።››

‹‹ታዲያ ስድስቱን ለማን ትተህ ነው በአራቱ የምታስፈራራኝ?››

አዛውንቱ ሒሳቡ አልገባቸውም የሚል ካለ ተሳስቷል። በደንብ ገብቷቸዋል። ያልተነገራቸው ሌላ ነው፤ ዝናቡ መቼ ይጀምራል? ከጀመረስ በኋላ ስንት ቀን ይጠፋል? የሦስት ወሩ ድምር መደበኛ ሆኖ ሁሉም በሁለት ሳምንት ቢወርድ ለማሽላ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ አዛውንቱ በአንድ ጆሮ ሬዲዮውን፣ በሌላው መሪጌታውን ወይም ሸኹን፣ በዐይናቸው ደግሞ የምሥራቁን አድማስ ይዘው ይቀጥላሉ። ሦስቱም ቢስማሙ ይዘራሉ፤ ባይስማሙም አንዳንዴ ይዘራሉ።

የ2007ን ጉዳይ ላንሣና ወደ ማብቂያዬ ልሂድ። በዚያ ዓመት እንደገና በልጉ ተጓደለ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 አሜሪካኖቹ ኤል ኒኞ ገብቷል ብለው አስታወቁ፤ ክረምቱም ተበላሸ። ሁለቱም ምልክቶች፣ የፓስፊኩም የበልጉም፣ አንድ ላይ ተናገሩ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥትና ለጋሾች 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ ዕርዳታ እንደሚሻ አስታወቁ። ዝናቡ በብዙ ቦታ እንደ ሰባ ሰባቱ የከፋ ነበር፤ እንደ ሰባ ሰባቱ ግን ሰው በመንገድ ዳር አልረገፈም። ከብት አልቋል፣ ሕፃናት ተጎድተዋል፣ ብዙ ቤት ተራቁቷል፤ ይህ አይካድም። ግን በ1997 የተጀመረው ሴፍቲ ኔት ነበር፣ መንገድ ነበር፣ በወሎ ጦርነት አልነበረም፣ እህል ተገዝቶ ገባ። ልዩነቱን ያመጣው የተሻለ ትንበያ ነው ብሎ የሚከራከር ወዳጅ አለኝ፤ እኔ አልስማማም። በ1976ም መጋቢት ላይ ተነግሮ ነበር።

በዚሁ አካባቢ፣ ሲሪንቃ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል የያዘው መንገድ ከትንበያ ክርክሩ የሚያመልጥ ነው። ዝናቡን መለወጥ ካልተቻለ ማሽላውን እናሳጥረው የሚል ነው። ከማዕከሉ የወጡት ቶሎ ደራሽ ማሽላዎች፣ በአካባቢው ስም የተሰየመችው ጊራና 1 አንዷ ስትሆን፣ በልግ ሳይጠብቁ በክረምቱ መግቢያ ተዘርተው ለመድረስ የታሰቡ ናቸው። ገበሬው በደስታ ተቀበላቸው ማለት ግን አይቻልም፤ ነባሩ ማሽላ አገዳው ረጅም ነው፤ አገዳ ማለት የከብት መኖ፣ የማገዶና የጎጆ ክዳን ነው። አጭሩ ማሽላ እህል ይሰጣል፣ አገዳ ይነሣል። በሬውን ምን ያብላው? ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳ የማስገባት ነባሩ ብልሃትና በቆቦ ጊራና ሸለቆ የተጀመረው የከርሰ ምድር ውሃ መስኖም አለ፤ የሚደርሰው ግን ለሜዳው እንጂ ለተዳፋቱ አይደለም።

ስለዚህ አብዛኛው ሰው ዘሩን በተራ አስቀምጦ ይጠብቃል። ሚያዝያ ላይ ከዘነበ ረጅሙ ማሽላ ይገባል። ሚያዝያ ካለፈ፣ ቶሎ ደራሹ። እሱም ካመለጠ ሐምሌ ላይ ጤፍ፤ አንዳንዱ ማሾ። ቡሄ አልፎ ክረምቱ ሊወጣ ሲል መሬቱ ገና እርጥበት ከያዘ፣ ሽምብራና ጓያ። ማሽላው የሞተበት ሰው በዚያው ማሳ ላይ እስከ መስከረም ድረስ ሦስተኛ ዘር ሊሞክር ይችላል፤ ያኔ ጎተራው ውስጥ የተረፈ ዘር ካለ።